ሦስት ክሬዲት

መስከረም ነው በኛ፤ እዚህ ግን አልጠባም፣
የሻርጃዋ ፀሐይ ቀን ቆጥራ አትገባም፤
ከኮሌጁ በር ላይ፣ ከብረቱ ጎን ቆሜ፣
ላቤ ካርታ ስሏል ባንድ ዩኒፎርሜ።
መታወቂያ አያለሁ፤ «ግባ» እላለሁ፣ «ግቢ»፣
እኔ የደጁ ሰው፣ እነሱ የግቢ።

ዲግሪ አለኝ እኔ፣ በሥነ ምድር ጥናት፣
አርባ ምንጭ የያዝኩት፣ ባራት ዓመት ትጋት።
ድንጋይ ስንት ዓመት ኖረ? ብትሉኝ አውቃለሁ፣
እዚህ የካርድ ዕድሜ፣ ያለፈበት አያለሁ።
ዲግሪው ፍራሼ ሥር በፕላስቲክ ተኝቷል፣
ከኔ ይልቅ እሱ ብዙ ማኅተም አይቷል፤
ውጭ ጉዳይ መቶታል፣ ኤምባሲ ፈርሞታል፣
ተርጓሚው ባረብኛ ስሜን አጣሞታል።

«ዲግሪህ መልካም ነበር» አለች ሊና አይታ፣
«ሦስት ክሬዲት ጎድሏል» አለች ደግሞ ቆይታ፣
«ለማስተርሱ ማለት። የውኃ ግፊት ኮርስ፣ ማታ፣ ካዲሶች ጋር፣
ክፍያው በቅድሚያ ነው፤ ሰኞ ይዘጋል በር።»
ዘጠኝ መቶ ድርሃም ላንድ ክሬዲት ዋጋ፣
በሦስት አባዛሁት፣ ግድግዳውን ጠጋ
ብዬ። ደሞዜ ግን፣ ያልጋ ኪራይ ወጥቶ፣
ላገር ቤት ተልኮ፣ ይቀራል ሁለት መቶ።

ወንድሜ ካሣዬ ደወለ ከሳውላ፣
«የፊተኛውን ዲግሪ» አለኝ «የትኛው ጅብ በላ?
‹የተማረ ይግደለኝ› ይል ነበር አባባ፣
ሰማው መሰል ጌታ፣ በሬው ገበያ ገባ።
እህል እንኳ» አለኝ «አንዴ ነው ሚፈጨው።»
መልስ አልሰጠሁትም፤ ሌሊቱን ጥርሴ ነው ቃሉን ሲያፋጨው።

ዐርብ እቁብ ወጣ፣ ከላውንደሪው ጓሮ፣
አሥራ አንድ ስም በኮፍያ፣ አንገት ተወጥሮ፤
ዕጣው ለዘይነባ፣ ለከሚሴዋ ወጣ፣
የኮሌጁን ወለል ማታ ለምታነጣ።
ፊደል አልቆጠረች፤ ፊርማዋ አውራ ጣት ነው፣
ብሩን ሦስቴ ቆጥራ ያለችኝ ይህን ነው፦
«የኔ ለመሬት ነው፤ መሬት የትም አይሄድ፣
ያንተ ግን በር ነው፤ ሰኞ ይዘጋል፤ ተነሥ ሂድ።»

«ለምን?» ብላት ሳቀች። «ሰሌዳውን» አለች፣
«እኔ ነኝ የማጠፋው፤ እጄ ስንቱን ገደለች!
ምን እንደሚል አላውቅ፤ ዝም ብዬ እጠርጋለሁ፣
ከኛ አንዱ ያንብበው፤ ከዚያ አጠፋለሁ።»

«ሳይማር ላስተማረኝ» ብዬ ነበር ያኔ፣
ጋዋን ለብሼ፣ በፎቶ፣ በወኔ፤
የምረቃ ቃል ነው፤ አፍ ብሎት ይረሳል፣
ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሆኖ ሲመጣ ግን፣ ያሳሳል።

ሰኞ ከፈልኩና ደረሰኙን ያዝኩኝ፣
ፈረቃዬ ሲያልቅ ሸሚዜን ቀየርኩኝ፣
በዚያው በር ተመለስኩ። ኔፓላዊው ቢሻል፣
ካንድ ድስት የምንበላው፣ «መታወቂያ» ይላል!
አሳየሁት። አየው፤ ፎቶውን፣ ፊቴን፣ ደግሞ ፎቶውን።
«ግባ» አለኝ በኔው ቃል፣ በኔው ድምፅ አስመስሎ፤
ገባሁ፣ አዲስ ደብተር ብብቴ ሥር ውሎ።

ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ጎን ተቀምጬ፣
ሰሌዳውን ቀዳሁ፣ ዐይኔን አፍጥጬ፤
ጥልቀት ሲጨምር ግፊት ይጨምራል ይላል፣
(ይህንንስ ለማወቅ ገንዘብ ማን ይከፍላል?)

አራት ሰዓት ሲሆን ባልዲ በሩን ነካ፣
ሁሉም ወጥቶ ነበር፣ እኔ ብቻ ለካ።
ዘይነባ ናት። ጨርቋን ወደ ሰሌዳው ስታነሣ፣
«ቆዪ፤ አንድ መስመር ቀረኝ።»
ቆመች። ዕዳ ሳታነሣ።